ያልወጣው የኮሶ አበባ

ዛሬ የሟች እናቴን ሣጥን ስከፍት ከነጠላዋ ሥር አንድ ጠርሙስ አገኘሁ። ክዳኑን ሳላላው የኮሶ አረቄ ሽታ ሰነፈጠኝ፤ ወደ ስድስት ዓመቴ፣ ላስታ ወዳለው ቤታችን መለሰኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። አባቴን ለዘመቻ ሊወስዱት የመጡት ሰዎች ደጅ ቆመዋል። እናቴ የኮሶ አበባ ከነከረችበት አረቄ ቀዳችለት። ቀምሶ ፊቱን አጨማደደ።

"በሦስተኛው ቀን አበባውን አውጪው፤ አለዚያ መርሮ አይጠጣም" አላት።

"ስትመለስ አንተው ታወጣዋለህ" አለችው።

ሦስቱን ቀን በጣቴ ቆጠርኩ። "እማዬ፣ አበባውን አናወጣውም? ይመራል እኮ!"

"ይምረር!" አለች፣ ጠርሙሱን እየከደነች። በእኔ ላይ የተቆጣች መስሎኝ አለቀስኩ።

አሁን ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አነሳሁት። አበባው ጠቁሮ ታች ተኝቷል። ላወጣው አልኩና ክዳኑን መልሼ አጠበቅኩት። የአባባ ሥራ ነው።