ጭቃው እስኪጠግብ

የአበባ ማስቀመጫዬን ውሃ ሳልቀይር ሰንብቼ ዛሬ ሸተተኝ። ሽታው በልጅነቴ ስማዳ ውስጥ፣ አክስቴ ለገመድ የሚሆን ቃጫ ወደዘፈዘፈችበት ኩሬ መለሰኝ።

ኩሬው ከሥሩ አረፋ ይተፋ ነበር። የሰፈራችን ቄስ አይተው ደነገጡ፤ "ጋኔን ቀስቅሰሻል፤ ቃጫውን አውጪ!" አሏት። ክረምት ደርሷል፤ ያለ ገመድ ደግሞ የቤታችን ክዳን አይታሰርም።

"አባ፣ ጋኔን ቢሆን እርስዎን አይቶ ይሸሽ ነበር" አለች። "ጭቃው የቃጫውን ልጣጭ እየበላ ነው። ሲጠግብ ይተዋል።"

"አረፋ ሆኖ የሚወጣው ትንፋሹስ የት ይሄዳል?" አልኳት።

"ወደ ሰማይ ነዋ! እዚያ ማን ይቆጥረዋል?"

አረፋው በቆመ ቀን ነጭ ቃጫ አወጣች፤ ክረምቱን ቤታችን አላፈሰሰም።

ዛሬ የሳይንስ ሊቃውንት ትንፋሹን ሚቴን ጋዝ ይሉታል፤ ምድርን ያሞቃል ብለው በመሣሪያ ይቆጥሩታል። ስለ ጭቃው ከአክስቴ የተለየ ነገር አልነገሩኝም። እሷ የተሳሳተችው ስለ ሰማዩ ብቻ ነው።