በልደታ በር ፍሬን የያዘችው መኪና

ፍሬን አልያዝኩም። ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። የልደታ ዕለት እናቴን ቤተ ክርስቲያን ሳደርሳት፣ መኪናዋ በሩ አጠገብ ራሷ ቀጥ አለች፤ ከኋላችን ይመጣ የነበረው ሚኒባስም ገጨን።

ምክንያቱ ገብቶኛል። ሰዉ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጎንበስ ሲል፣ ይቺ የኤሌክትሪክ መኪና ሰው ገባብኝ ብላ ፍሬን ትይዛለች። ሲሸጡልኝ «አደጋ ስታይ ራሷ ትቆማለች» ብለው አሞግሰውልኛል። እጅ የሚነሳን ሰው መንገድ ከሚሻገር መለየት ግን ማን ያስተምራት?

ትራፊኩ «ከኋላ የገጨ ነው ጥፋተኛ» ብሎ የሚኒባሱን ሹፌር መንጃ ፈቃድ ያዘ። ሹፌሩ በአብነት መስመር ሠርቶ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው ነው። «መኪናዋ ናት የቆመችው» ብዬ ብነግረው ትራፊኩ ሳቀብኝ። እናቴ ደግሞ አባሰችው፤ «ልጄ፣ እመቤቴ ናት ያቆመችን» አለችው። አማተበ፤ መንጃ ፈቃዱን ግን ኪሱ ከተተ።

በማግስቱ ሜክሲኮ፣ መኪናዋን የሸጠልኝ ነጋዴ ዘንድ ሄድኩ። «እህቴ፣ ይሄ ብልሽት አይደለም፤ እስከ ዛሬ ማንም አላመለከተም» አለኝ።

«እኔ አመለከትኩ» አልኩት።

እናቴ «ተይው፣ ዝም አይነቅዝም» ብትለኝም አልተውኩትም። እኔ ዝም ስል የሚራቡት የሰውየው ልጆች ናቸው። ነጋዴውም ትራፊኩም እስኪሰለቹኝ ድረስ እየተመላለስኩ ሙጭጭ አልኩባቸው።

በቀጣዩ ወር ልደታ ነጋዴውን ከእናቴ ጋር ከኋላ፣ ትራፊኩን ከጎኔ አስቀምጬ ቀስ ብዬ ነዳሁ። በሩ ጋ አንዲት ሴት ጎንበስ ከማለቷ መኪናዋ ቀጥ። ፍሬኑን እንዳልነካሁ እግሬን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው።

ነጋዴው ደንግጦ፣ «ሌሎቹ የገዙትም እንዲሁ ነበር የሚሉት» አለና አፉን ያዘ።

«ሌሎቹን ፈልጌ አገኛቸዋለሁ። አብረን ነው የምንከስህ» አልኩት።

ትራፊኩ ግን እኔን ነበር የሚያየው። «እህቴ፣ ይሄን ከጻፍኩ ሹፌሩ ነፃ ይወጣል። ነገር ግን መሪው በአንቺ እጅ ነበር፤ ጥፋቱ መጀመሪያ ወደ አንቺ ነው የሚዞረው» አለኝ።

ፈራሁ፣ አልዋሽም። እናቴን ሐኪም ቤት የማመላልሳት በዚህች መኪና ነው። እሷ ግን ትከሻዬን ነካ አደረገችኝና፣ «ያቆመችን እመቤቴም ብትሆን የሰው እንጀራ አትዘጋም» አለችኝ።

የራሴን መንጃ ፈቃድ አውጥቼ ለትራፊኩ ሰጠሁት።

«የሱን መልስለት» አልኩት።