ወደ በሩ የዞረ ጫማ

ይህ ነገር የገጠመኝ አምና፣ ቅጠል በሚረግፍበት ሰሞን ነው። የሆነው ጃፓን አገር፣ ኪዮቶ በምትባል ጥንታዊ ከተማ ይሁን እንጂ የሚያስታውሰኝ ለንደን፣ ቶተንሃም ያለው የቤቴ በር ነው። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ባለቤቴ ግርማ ያረፈው ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነበር። አመሻሽ ላይ ከሥራ ገባ፤ እንደ ልማዱ ጫማውን በሩ ሥር አወለቀና «ደረቴን» አለኝ። የአምቡላንስ ሠራተኞቹ በቃሬዛ ሲያወጡት እግሩ ላይ ካልሲ ብቻ ነበር። ጫማውን አንስቼ ልከተል ስል «አሁን አያስፈልገውም» አሉኝ። መልሼ አስቀመጥኩት። ግርማ አልተመለሰም፤ ጫማው አፍንጫውን ወደ ሳሎን አድርጎ እዚያው ቀረ።

ልጄ ሊያ፣ ለንደን ተወልዳ ያደገችው፣ «እማ፣ ለቻሪቲ ሾፕ እንስጠው» ትለኝ ነበር፤ ያገለገለ ዕቃ ለበጎ አድራጎት የሚሸጥበት ሱቅ ነው። እኔ ቤት ስጠርግ እንኳ ዙሪያውን ነበር የምጠርገው።

ሊያ ሥራዋን በኮምፒውተር ከየትም ትሠራለች። አንድ ቀን «ኪዮቶ ቡክ አድርጌያለሁ፤ ብዙ ለሚቆይ ሰው ርካሽ ነው፤ ኖ አትበይኝ» አለችኝ። እኔም ካምደን ከማጸዳው ቢሮ ፈቃድ ወሰድኩ። እዚያው ለንደን፣ ሃርልስደን ያለችው ጓደኛዬ አልማዝ ይህን ስትሰማ ምን አለች?

«ሙት ዓመቱ እንኳ ሳይደርስ? ሰው ሐዘን የሚቀመጠው ፍራሽ ላይ ነው፤ አንቺ ጃፓን ልትቀመጪ ነው?»

እያለቀስኩ ሳቄ መጣ። ለነገሩ እዚያም የተኛነው መሬት ላይ በተዘረጋ ፍራሽ ነው።

ያረፍነው በአንዲት አሮጊት የእንጨት ቤት ውስጥ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን ነበር። አሮጊቷ ሳቺኮ ይባላሉ፤ እኔ እማማ ሳቺኮ አልኳቸው። እሳቸው አማርኛ አያውቁ፣ እኔ ጃፓንኛ አላውቅ፣ በእጅና በፈገግታ እንግባባለን። ወጥ ቤቱ የጋራ ስለሆነ ምግባችንን ራሳችን እናበስላለን። ቀን ቀን ሊያ ስትሠራ እኔ ብቻዬን ወንዙ ዳር እሄዳለሁ። ዳክዬ አያለሁ። ቤተ መቅደሶቻቸው ውስጥ ጫማ አውልቁ ሲሉኝማ ቤተ ክርስቲያን የመጣሁ መሰለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ደስ ማለቱ ራሱ ግን ያሳፍረኝ ነበር።

አንድ ማታ ከለንደን የያዝኩትን ሽሮ ሠራሁ። ቤቱ በሽሮው ሽታ ታወደ። ጠዋት ስንነሳ ልብ ብዬ ሳይ፣ በሩ ሥር ያወለቅናቸው ጫማዎቻችን አፍንጫቸው ወደ በሩ ዞሯል። እኔ እንደዚያ አላስቀመጥኩም። መልሼ አዞርኳቸው። በማግስቱም እንደገና ወደ በሩ።

«ሊያ፣ ሴትዮዋ ውጡልኝ እያሉን ነው» አልኳት።

«እማ፣ ፕሊስ!»

«ሽሮው ነው። ሸቷቸው ነው። ጨዋ ስለሆኑ በአፋቸው አልተናገሩም፣ በጫማ ነገሩን። ሌላ ቤት ፈልጊ።»

ሻንጣዬን አውጥቼ ልብሴን ማጠፍ ጀመርኩ። ግርማ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ የወሰደኝ እዚያች ክፍል ነበር፤ አሁን ከዚያም ልባረር ነው። ሊያ ስልኳን ይዛ በትርጉም ልትጠይቃቸው ወረደች። እኔም ተከተልኳት። አሮጊቷ ስልኩ ላይ ብዙ ተናገሩ። ሊያ ካነበበች በኋላ በአማርኛ ልትነግረኝ ተቸገረች።

«እንድንሄድ አይደለም፣ እማ። ስንወጣ እንዳንቸገር ነው። ምን መሰለሽ፣ ላይክ... መንገዳችን ጥሩ እንዲሆን። ለእንግዳ እንደዚህ ያደርጋሉ።»

«መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ ነዋ» አልኩ።

«ኤግዛክትሊ።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ለግርማ ማንም ጫማውን አላዞረለትም። መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ ያለው ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩትም፤ የሚመለስ መስሎኝ ነበራ። ሆስፒታል ያላለቀስኩትን፣ ቀብሩ ላይም ሰው ይዞኝ ያላወጣሁትን ልቅሶ እዚያ አለቀስኩት።

እማማ ሳቺኮ ደነገጡ። ያስቀየሙኝ መሰላቸው መሰለኝ፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው ጫማዬን ቶሎ ብለው ወደ ውስጥ አዞሩት። ይህን ሳይ ይብስ ባሰብኝ። እጃቸውን ያዝኩና አብረን መልሰን ወደ በሩ አዞርነው። ሊያ በቆመችበት «አባዬ» ብላ ማልቀስ ጀመረች። ያን ጊዜ ገባት፣ ለምን ጫማውን እንደማላስነካ።

ጊዜያችንን ጨርሰን ስንሄድ አሮጊቷ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ሸኙን። ዞር ባልኩ ቁጥር እጅ ይነሳሉ።

ቶተንሃም ስንደርስ ሻንጣዬን ኮሪደሩ ላይ አቁሜ ተንበረከክሁ። የጫማውን አቧራ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁ። የግራው ተረከዝ አንድ ጎን ተበልቷል፤ ግርማ ሲራመድ ወደዚያ ያዘነብል ነበር። አዞርኩት።

«መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ፣ ግርምሽ» አልኩት። አርፍጄ ነው፤ ግን አልኩት።

ጫማውን ዛሬም አልሰጠሁም። ሊያም አትጠይቀኝም። ሐዘኑ ቀለለልኝ ብዬ አልዋሽም፤ ቤቱ ያለ እሱ ሰፊ ነው። ብቻ ጠዋት ለሥራ ልወጣ ስል፣ ሊያ ቀድማኝ በወጣችበት ቀን ሁሉ፣ የእኔም ጫማ ከእሱ ጎን ወደ በሩ ዞሮ አገኘዋለሁ።