የዘር ገብስ በኪራይ ቤት

ለጥቂት ቀን ብለን ነው ከቤታችን የወጣነው። ባለቤቴ ከምንጭ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ድንጋዩ አዳልጧት እግሯን ሰበረች። ደብረ ታቦር አምጥተን ጀሶ አሳሰርንላት። ጀሶው እስኪፈታ ሴት ልጃችን ዘንድ እንቆያለን፣ ከዚያ ወደ ቀያችን እንመለሳለን፤ ሐሳባችን ይኸው ነበር። ልጃችን ከተማው ውስጥ በአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆች አሏት። ባሏ ሥራው ባሕር ዳር ነው። እኛ ብዙም ሳንቆይ አገሩ ታመሰና መንገድ ተዘጋ። እሱ እዚያ፣ እኛ እዚህ፣ ቤታችንም ጉና ተራራ ሥር እንደተቆለፈ ቀረ።

እኔ ታዲያ ለጥቂት ቀን ስወጣ የዘር ገብሴን አስጭኜ ነው የወጣሁት። የሰማ ሁሉ ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። የከተማ ሰው ከቤቱ ሲወጣ ቁልፉንና ስልኩን ይይዛል። እኔ ደግሞ ጊዜው ስላላማረኝ ዘሬን ባዶ ቤት ጥዬ መሄድ አልሆነልኝም። ማረሻ ቢሰበር ጎረቤት ያውሰኛል። ይህን ገብስ ግን የሚያውሰኝ የለም፤ በእኛ በኩል ሌላው ሁሉ ነጩን መዝራት ከጀመረ ቆይቷል። የእኔው ጠቆር ያለ፣ አጭር፣ ውርጭ የሚችል ነው። ከአባቴ እጅ ነው የተቀበልኩት። በአጨዳ ጊዜ ከማሳው መሐል ዛላው የሞላውን እየመረጥኩ ለብቻው አነሣለሁ። በሬ አላስረግጠውም፤ ሰኮና ፍሬውን ይሰነጥቀዋልና በዱላ እወቃዋለሁ። የነቀዝ መድኃኒት ግዛ ይሉኛል፣ እኔ ግን የወይራ አመድ አለኝ። ገብሱን በአመድ አሽቼ አስቀምጠዋለሁ፤ እስከ ሰኔ አንድ ፍሬ አይነካም። እንግዳ ቢመጣ፣ ድግስ ቢሆን፣ ቤት ውስጥ እህል ቢያልቅ እንኳ ወደ ዘሩ እጅ አይዘረጋም። እንዲህ ነው ያደግነው።

በኪራዩ ክፍል አይጥ አስቸገረን። የከተማ አይጥ ከገጠሩ ይልቅ ደፋር ነው፣ በቀን ሰው እያየው ይሄዳል። ባለቤቴ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ፣ እኔ ጭቃና ጭድ እያቦካሁ፣ ከጎረቤት ላም እበት እያመጣሁ፣ ከክፍሉ ጥግ ወገቤ ድረስ የሚደርስ ጎታ ሠራች። አከራያችን ሽታው ጠርቷት መጣች።

«አባባ፣ ይሄ በቤቴ ውስጥ እበት ነው እንዴ?»

«ሲደርቅ ሽታው ይተዋል፣ ልጄ።»

«እስኪደርቅስ እኔ ቤቱን ልተወው?»

ሲደርቅ ተወ። ገብሱን ሞላነው፣ ባለቤቴ አፉን በጭቃ መረገችው።

አከራያችን ክፉ ሴት አይደለችም፣ አፏ ነው እንጂ። እኔ ከመሬት ያገኘሁትን ሚስማር በድንጋይ እያቃናሁ በጣሳ ስሰበስብ፣ የማዳበሪያ ጆንያ ክር እየተረተርኩ ስጠቀልል፣ የጣራውን ጠፈጠፍ በበርሜል ስይዝ ታየኝና «አባባ ሱቅ ሊከፍቱ ነው» ትላለች። ልጄም ታፍራለች። «አባየ፣ ይህ እኮ የኪራይ ቤት ነው፣ ዕቃ አያብዙበት» ትለኛለች። ኋላ ሱቁ ሁሉ ሲዘጋና ቧንቧው ሲደርቅ ሁለቱም ከበርሜሉ ቀዱ። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጀሶው ተፈታ። ባለቤቴ በምርኩዝ መራመድ ጀመረች። ግንቦት ገባ። መንገዱ እንደተዘጋ ነው። በእኛ አገር ግንቦት ላይ ሰው ቁጭ አይልም፤ ማሳው ደጋግሞ ይታረሳል፣ ሰማይ ይታያል። እኔ ከክፍሉ በር እስከ ግቢው በር፣ ከግቢው በር እስከ ክፍሉ በር እመላለሳለሁ። አጥሩ ከፍ ያለ ቆርቆሮ ስለሆነ ጉናን አያሳይም። ዝናቡ ወደየት እንደሄደ እንኳ የማውቀው በነፋሱ ነው። አንድ ማለዳ መንገዱን ልይ ብዬ ባዶ እጄን ወጣሁ። ከከተማው መውጫ ኬላው ላይ አንድ ወጣት አስቆመኝ።

«አባት፣ ወዴት ነው?»

«ወደ እርሻዬ።»

«ዛሬ አይታለፍም።»

«ነገስ?»

«ነገ፣ ነገ ይታያል። ይመለሱ አባቴ፣ እኔም እናቴን ካየሁ ቆይቻለሁ።»

ተመለስኩ።

እህል እየጠፋ መጣ። ከአንበሳሜ በኩል ይመጣ የነበረው ጤፍ ቀረ። የልጄ መሥሪያ ቤት ደመወዝ አልከፈለም። በሶው አለቀ፣ ባለቤቴ ቀድማ ያደረቀችው ድርቆሽ አለቀ፣ ሽሮው እየቀጠነ ሄደ። አንድ ቀን አከራያችን በራችን ላይ ቆማ ጎታውን አየችው።

«አባባ፣ በዚያ ውስጥ እኮ እህል አለ።»

እኔ አፌን ሳልከፍት ባለቤቴ ከመደብ ላይ ሆና «መድኃኒት አለው» አለች። እንዲሁ፣ እንደ ዋዛ።

«ምን ዓይነት መድኃኒት?»

«የነቀዝ ነዋ። የሚገድል።»

አከራያችን እጇን አፏ ላይ ጫነች። «መርዝ! ሕፃናት በሚተኙበት ክፍል! አንቺ ልጅ፣ ነይ ስሚ፣ አባትሽ መርዝ ታቅፈው ነው የተቀመጡት!» ልጄ እየሮጠች መጣች። ጎታው ዛሬውኑ ይውጣ ተባለ። ጎታ ግን ቤት ውስጥ ተሠርቶ ቤት ውስጥ የሚኖር ነገር ነው፤ በበር አያልፍም። ይፍረስ እንዳይባል መርዙ ወለሉ ላይ ሊፈስ ነው። ሁለቱ ሴቶች ዞረው ዞረው፣ ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ወዲያኛው ክፍል እንዲተኙ፣ እኛ ክፍል ድርሽ እንዳይሉ ወሰኑ።

ሲወጡ ባለቤቴን «አንች ሴት፣ ምን አልሽ?» አልኳት።

«ዘርህን አዳንኩልህ። አሁን ማን ይነካዋል?»

«ውሸት እኮ ነው።»

«አንተ ምን ዋሸህ? ዝም ብለህ ተቀመጥ።»

ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ለእኔ ብላ ነው ያደረገችው፤ እውነቱን ብናገር እሷን በልጇ ፊት ማዋረድ ነው። ብተወው ደግሞ ከራሴ ገብስ ጋር ታሰርኩ። የልጅ ልጆቼ ከደጃፉ ቆመው አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ትንሿ «አያቴ፣ መርዙ ተኝቷል?» ትለኛለች። «ተኝቷል» እላታለሁ። ድሮ ጉልበቴ ላይ ነበር የምትቀመጠው።

መድኃኒት ገዝቼ አድርጌበት ቢሆን እንዴት ዕረፍት ነበረው! የማይበላ እህል አያስጨንቅም። ይኸ ግን ጠዋት ስነሣ አጠገቤ ነው፣ ማታ ስተኛ አጠገቤ ነው፣ የሚበላ መሆኑን የምናውቅ እኔና እሷ ብቻ። ሰኔ ሲደርስ መንገዱ ይከፈት ይሆናል እላለሁ። ተከፍቶ ባዶ እጄን ከማሳዬ ብደርስስ እላለሁ። ደግሞ የሕፃናቱን ፊት አያለሁ።

ልጄ ምሳ ላይ አብራን አትበላም ነበር። «እኔ ቢሮ በልቻለሁ፣ እናንተ ብሉ» ትላለች። ከስታለች፣ ግን ሐሳብ ነው ብለን ተውነው። አንድ ረፋድ ላይ ለአከራያችን የተነቀለ ቆርቆሮ ስመታላት፣ ያቃናኋቸው ሚስማሮች ለዚያ ሆኑ፣ በወሬ መሐል «ልጄ ቢሮዋ ደህና ያበላታል መሰለኝ» አልኳት።

«የምን ቢሮ?» አለችኝ። «ቢሮው ከተዘጋ ቆየ እኮ። ልጅዎ ከቤቴ ጀርባ ጓሮ የሰው ልብስ ስታጥብ አይደል የምትውለው፣ ለኪራዩ። ደግሞ ሻይ እንኳ ስሰጣት ለልጆቿ ነው የምትይዘው።»

መዶሻውን አስቀመጥኩ። ወደ ክፍላችን ገባሁ፣ የጎታውን አፍ በምርኩዙ ጫፍ መታሁት። ባለቤቴ አየችኝ። ጭቃው ተፈረከሰ። በውስጡ ያለው ገብስ እንዳስቀመጥኩት ነበር፣ ደረቅ፣ ነቀዝ ያልነካው። ድምፁን ሰምታ ልጄ እጇ በሳሙና እንደራሰ መጣች፤ አከራያችን ከኋላዋ።

«አባየ፣ አይንኩት!»

እንዲያምኑኝ ማስረዳት አልቻልኩም፣ ነገር አዋቂ አይደለሁም። አንድ እፍኝ አንሥቼ አፌ ውስጥ ጨመርኩትና መቆርጠም ጀመርኩ።

«ይትፉት! ይትፉት እላለሁ! ኧረ ሰው ድረሱ!» ልጄ አገጬን ይዛ ጣቷን አፌ ውስጥ ከተተች። በሕፃንነቷ አፈር ስትበላ እኔ እንዲያ አደርጋት ነበር። አከራያችን «ወተት! ወተት አምጡ!» እያለች ትጮኻለች፤ በከተማው ወተት የለም።

«አመድ ነው» አለች ባለቤቴ። «ልጄ፣ ተይው ያኝክ። አመድ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም።»

ልጄ እጇን አወጣች። ጎታውን አየች፣ እናቷን አየች። ከወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«አመድ?»

«የወይራ አመድ።»

«ልጆቼን ውኃ በበዛበት ሽሮ ሳስተኛ… ይሄ ሁሉ እዚህ ነበር?»

«የአባትሽ ዘር ነው» አለች እናቷ፣ ድምፅዋ አነሰ።

«እና እኛ?»

እኔ እንኳ ልመልስ ብል አፌ ገብስ ሞልቷል። ከዚያ አከራያችን መሳቅ ጀመረች፣ ግድግዳውን ተደግፋ። «መርዝ ጠባቂው አባባ! እኔ እኮ እርስዎን ሞተው ባገኝዎትስ ብዬ ጠዋት ጠዋት ሳልዎትን ነበር የማዳምጥ!» ልጄ ግን አልሳቀችም። ተነሥታ ወንፊት አመጣች።

አመዱን ነፍተው፣ አጥበው ቆሉት። ግማሹ ቆሎ ሆነ፣ ግማሹ ተፈጭቶ በሶ። ለአከራያችንም ደረሳት። ሕፃናቱ ወደ ክፍላችን ተመለሱ፤ ትንሿ ጎታውን በእግሯ ነካ አድርጋ «ሞተ?» አለች። ልጄ ለቀናት ከእናቷ ጋር የምትነጋገረው ለሥራ ያህል ብቻ ነበር። ለእኔ በሶውን ስትሰጠኝ እንኳ ፊቷን ታዞራለች። አንድ ቀን ግን አንድ የወተት ዱቄት ጣሳ ሞልታ አጠገቤ አስቀመጠች። ገብስ ነው። አመዱ አልተነካም።

«ይሄን አላጠብኩትም» አለችኝና ወጣች።

ስልክ ለጥቂት ሰዓት በሠራ ቀን መሬቴን በእኩል የሚያርሰው ጎረቤቴ ደወለ። «ጋሼ፣ ማሳው ታርሶ ይጠብቅዎታል። ዘሩን ይዘው መቼ ነው የሚመጡ?»

«መምጫ የለም። አንተ ዝራው።»

«እኔ ያለኝ ነጩ ነው።»

«ነጩን ዝራው።»

«አባትዎ ቢሰሙ…» ሲል ተቋረጠ። ደግ ሰው ነው፣ ሊያስቀኝ ነበር። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ብዙ ጊዜ ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩት ቆየሁ። በዚያ መሬት ሌላ ገብስ ሲዘራ የመጀመሪያው ነው።

የጣሳዋን ገብስ በመጸዳጃ ቤቱ ግድግዳና በአጥሩ መካከል ባለችው ጠባብ መሬት ላይ ዘራኋት። አከራያችን ፈቀደች፣ እያጉረመረመች። «ጎመን ቢሆን ምን ነበረበት? እንበላው ነበር።» መሬቷ ቆሻሻ ውኃ ሲደፋባት የኖረች ስለሆነች ለም ናት። ገብሱ ፈጥኖ በቀለ። ችግሩ የአከራያችን ዶሮዎች ናቸው። ዓይኔን ከነቀልኩ ቡቃያውን ይጭሩታል። ስለዚህ ከማለዳ እስከ ምሽት በርጩማ ላይ ተቀምጬ በዱላ እጠብቃለሁ፤ ሲዘንብ ጆንያ እደርባለሁ። ዶሮዎቹን እሰሪልኝ ብላት «ታስረው ምን ይበላሉ? እርስዎ ሊቀልቧቸው ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ከዚያ መንገዱ ለአንድ ቀን ይከፈታል ተባለ። ወደ ጉና የሚሄድ መኪና አለ፣ ሰው ዕቃውን እየጠቀለለ ነው። ባለቤቴ ምርኩዟን ይዛ ወደ እኔ መጣች። ደስታዋ ከፊቷ ያስታውቃል።

«ሰውየ፣ ተነሥ። ቤታችን እንግባ።»

ገብሱን አየሁት። ከስንዝር እምብዛም አይዘልም። ነቅለው አይወስዱት ነገር፣ ጥለው አይሄዱት ነገር።

«ማን ይጠብቀዋል?» አልኳት።

«ልጅህ አለች።»

«ልጄ ልብስ ታጥባለች፣ ሕፃን ትይዛለች። ዶሮም ትጠብቅ?»

ከውጭ የመኪናው ጥሩንባ ይሰማል። ከሷ ይልቅ እኔ ነበርኩ ቤታችን ቤታችን ስል የከረምኩት፤ ይህንንም ልትለኝ ትችል ነበር፣ አላለችኝም።

«መቼ ነው የሚደርስ?»

«ከመስቀል ወዲያ።»

«እንግዲያስ ሂድና በሶህን ጠጣ» አለችና በርጩማውን ወደ ራሷ ሳበች። እግሯን ቀስ ብላ ዘረጋች። ዱላውን ተቀበለችኝ።

ጥሩንባው አንድ ጊዜ ደግሞ ተነፋ። ትልቋ ዶሮ ከመጸዳጃ ቤቱ ማዕዘን ብቅ አለች፣ ባለቤቴም «እሽ!» አለቻት።