ኮቴው የማን ነበር

ልጅ ሳለሁ አባቴ አንድ ወግ ነበረው፤ ጨርሶልን ግን አያውቅም። አሁንም ሳስበው ያበሽቀኛል።

ያኔ ዘመኑ የደርግ ነው፤ ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች መንደር እንኖር ነበር። አባቴ ከኦጋዴን ጉልበቱን ተመትቶ የተመለሰ ወታደር ነው፤ አገሩ ሁሉ ሃምሳ አለቃ እያለ ይጠራዋል። እራት ተበልቶ ፍሙ አመድ መልበስ ሲጀምር፣ ታናሽ ወንድሜን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ እኔን ጎኑ ሸጉጦ ወጉን ይጀምራል። ጓዶቹ ሞቷል ብለው ትተውት እንደሄዱ፣ አሸዋው እንዴት እንደሚፋጅ፣ ምላሱ ከላንቃው እንደተጣበቀ ይነግረንና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ፀሐይ ስትጠልቅ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ» ይላል። ይሄኔ ከደጅ ሃምሳ አለቃ የሚል ጥሪ ይመጣል። የአንዱ በሬ ገደል ገብቷል፣ ወይ የአንዷ ምጥ ጠንቶ ቃሬዛ ተሸካሚ ጎድሏል። አባቴ እያነከሰ ይነሳል። መነሳቱስ ይሁን፤ ከገበሬ ማኅበሩ ሱቅ ተሰልፈን ባመጣነው ጋዝ የምናበራትን አንዲት ኩራዝ ይዞብን ይወጣል! እኛ ከጭሱ ጋር ጨለማ ውስጥ እንቀራለን።

እናቴ «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» እያለች ታጉረመርማለች። አንድ ቀንማ ብሶባት፣ «አንቱ፣ እኛም ከደጅ ቆመን እንጥራዎ እንዴ?» አለችው። እሱ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ለእኛ ያለው መልስ ነገ እጨርስላችኋለሁ ነው። ነገ ደግሞ ሌላ ሰው ይጠራዋል። ኮቴው የወገን ነው፣ የጠላት ነው፣ የጅብ ነው እያልን ከወንድሜ ጋር ስንጣላ አደግን።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው አባቴ ወጉን ሳይጨርስ ሞተ። በሰልስቱ ዳስ ውስጥ ከእናቴ ጎን ተቀምጬ ሳለሁ፣ ጎረቤታችን እትዬ የሺ መጥተው አጠገቤ ኩርምት አሉ። ደሴ የሚባል አንድ ልጃቸው ኦጋዴን ዘምቶ፣ ደብዳቤም መርዶም ሳይመጣላቸው ቀርቷል። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ያን ጊዜ ከኋላ የመጣው ደሴ እንደነበር፣ አባቴን አዝሎ ከወገን ጦር እንዳደረሰው፣ አባቴም ይህን ለእሳቸው ብቻ በአደራ እንደነገራቸው አጫወቱኝ። የደም ስሬ ተገታተረ። ለእኛ ያልጨረሰውን ወግ ሰው ቤት ሄዶ ጨርሶታል!

ከቀትር በኋላ ደግሞ የደብራችን ቄስ ሊያጽናኑን ተቀመጡ። የእሳቸውም ልጅ ዘምቶ አልተመለሰም። መስቀላቸውን እያሻሹ፣ አባትሽን ያዘለው የእኔ ልጅ ነበር፣ አባትሽ ራሱ ለማንም እንዳልናገር አደራ ብሎ ነግሮኛል አሉኝ። አፌን ልከፍት ስል እናቴ ጉልበቴን ቆነጠጠችኝ። ዞር ብዬ አየኋት፤ ለካ ታውቃለች።

ወይ አባቴ! ስንት ቤት ስንት ኮቴ አድለህ ይሆን? እውነተኛውስ የማን ነበር? ወይስ ጭራሽ የመጣ ሰው የለም?

ሲመሻሽ ለቀስተኛው ተበተነ። እትዬ የሺ ተነሥተው ጥቂት ከሄዱ በኋላ ተመልሰው እጄን ያዙኝ።

«ለእናንተም ደሴ ነው ብሎ ነው የነገራችሁ?»

«አዎ እትዬ፣ ደሴ ነው» አልኳቸው።

በአባቴ ላይ የዚያን ቀን ያህል ተናድጄ አላውቅም። ስንት ዓመት ጨርስልን እያልኩ የለመንኩትን ወግ፣ እሱ ሞቶ እኔን አስጨረሰኝ።