ከመጋረጃው ጀርባ የነበረችው ካፒቴን

ሰኔ 8 ቀን፣ ቅዳሜ። ጠረጴዛዋ ላይ የተገኘው ባለ መቶ ገጽ ደብተር ስድሳ ሦስተኛው ገጽ ላይ ይቆማል። የመጨረሻው መስመር «41 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ። አብራሪው ወደ ኋላ ዞሮ፦» ይላል። አብራሪው ምን እንዳለ አልተጻፈም። እስክሪብቶው ክዳኑ ተገጥሞለታል፤ ነገ እቀጥላለሁ ብላ ነው የተነሣችው ማለት ነው።

ታናሽ እህቴ ናት። የኖረችው ሠላሳ አራት ዓመት ከአራት ወር ነው። ሥራዬ መዝገብ ቤት ስለሆነ ያየሁትንና የሰማሁትን ለይቼ መጻፍ ለምጃለሁ፤ እዚህም ያልነበርኩበትን ከማን እንደሰማሁ እናገራለሁ። በሞት ማስረጃዋ ላይ የተጻፈው የልብ ሕመም ነው። በአሥራ አንድ ዓመቷ በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነበር ያተረፈላት። ደረጃ ስትወጣ ታለከልካለች። ረጅም ዓረፍተ ነገር ስትናገርም መሃል ላይ ቆም ብላ በአፏ አየር ትስባለች። ይህን ትንፋሿን ልብ በሉልኝ፤ ከእሷ ይልቅ ዝነኛ የሆነው እሱ ነው።

ሰፈር ውስጥ መጠሪያዋ «መነጽር» ነበር። ከቤታችን አጠገብ አንድ ጌም ቤት ነበር፤ ሦስት ቴሌቪዥንና አንድ አግዳሚ ወንበር። «ሴት የያዘችው ጆይስቲክ ይበላሻል» የሚል ሕግ ስለነበራቸው ወንዶቹ ልጆች አይሰጧትም። ግን ያለ እሷም አይሆንላቸውም። የጌሙ ጽሑፍ በባዕድ ቋንቋ ነው፤ እሷ መዝገበ ቃላቷን ታቅፋ ከኋላቸው ትቆማለች።

«መነጽር፣ አሁን ምን አድርግ ነው የሚለኝ?»

«ድልድዩን ሳትሻገር መጀመሪያ ቁልፉን ፈልግ ይልሃል።»

«የታለ ቁልፉ?»

«ተኩስህን አቁመህ ብታዳምጠው ሊነግርህ ነበር።»

እነሱ ያሸንፋሉ፤ እሷ ቋንቋ ትማራለች። በስድስት ዓመት ውስጥ ጆይስቲክ የያዘችው አራት ጊዜ ብቻ እንደሆነ ነግራኛለች። አራቱንም ከነቀናቸው ታስታውሳቸው ነበር።

የሚያሳብዳት ግን ጌሙ ሳይሆን የጠፈር ፊልም ነበር። መርከብ፣ ጣቢያ፣ ሌላ ፀሐይ። እናታችን ትስቅባታለች። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ልጄ፣ ስለ ሰማይ መኪና ማውራት ባል ያመጣል?» እህቴም «የሰማይ መኪናው ራሱ ይወስደኛል እንጂ እማዬ» ትላለች።

ሃያ አራት ዓመት ሲሞላት ቀን ቀን ኮፒ ቤት ትሠራለች፤ ከሥራ በኋላ ደግሞ ቪዲዮ ቤት ትሄዳለች። የቪዲዮ ቤቱን ባለቤት ሁሉም «ጋሼ» ይለዋል። እንደዚህ ያለ ቤት ፊልሙን የሚያሳየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፤ ተርጓሚው ማይክራፎን ይዞ የሁሉንም ሰው ንግግር በአማርኛ ይናገራል። ተርጓሚው የጋሼ ወንድም ነበር። ቁመናው ያማረ፣ ኮፍያ የማይለየው ሰው ነው፤ ደንበኛው ሁሉ «ካፒቴን» ይለዋል። ቋንቋውን ግን አያውቀውም። «ይሄኛው ያኛውን እንደማይወደው እየነገረው ነው» ይላል፤ ቆየት ብሎም «አሁን ደግሞ ታረቁ» ይላል። እህቴ ከመጨረሻው ረድፍ ላይ ሆና አንድ ቀን አላስቻላትም። ጮክ ብላ አረመችው። ጋሼ በማግስቱ ኮፒ ቤት ድረስ መጣ።

ያቀረበላትን ውል ከራሷ አፍ ሰምቻለሁ። ከመጋረጃ ጀርባ፣ በትንሽ ቴሌቪዥን እያየች ትናገራለች። ድምፅ የሚያወፍር አንድ ሳጥን አለ፤ ቁልፉ አራት ላይ ሲሆን የሴት ድምፅ የወንድ ይሆናል። ካፒቴን የማይሠራ ማይክራፎን ይዞ ከፊት ይቀመጥና አፉን ያንቀሳቅሳል።

«ለጊዜው ነው እህቴ» አላት ጋሼ። «ሰው ይልመደው፤ ከዚያ ከፊት ትወጫለሽ። አሁን ሴት ስለ ሮኬት ስታወራ ቢሰሙ ይስቃሉ።»

ለጊዜው ያለው ዘጠኝ ዓመት ሆነ።

ቤቱ ሞላ። ወጣቱ የካፒቴንን አነጋገር መንገድ ላይ ይኮርጃል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ትንፋሹን። ዓረፍተ ነገሩን መሃል ላይ ገታ አድርጎ በአፍ አየር መሳብ የጀግና ምልክት ሆነ። «ትወናውን አየኸው? ጠፈር ላይ አየር እኮ የለም!» ይላሉ። እህቴ ስታስል ካፒቴን ከፊት ጎንበስ ብሎ አብሯት ያስላል። አንዴ ሽንት ቤት ሄዶ ድምፁ ሲቀጥል ጋሼ «ካፒቴን አስቀድሞ ቀድቶት ነው፣ ባለሙያ እኮ ነው» ብሎ አመለጠ። ይህን እየሳቀች ነው የነገረችኝ። እኔም ስቄያለሁ።

ያልሳቅንበት ሌላ ነገር አለ። የጠፈር ፊልም ወዳጆች ማኅበር አቋቁመው ነበር። አለቃቸው መድኃኒት ቤት የሚሠራ፣ «ፕሮፌሰር» የሚባል ሰው ነው። ማኅበሩ «የበር ጥያቄ» የሚል ልማድ አወጣ። ወንድ በትኬቱ ይገባል። ሴት ግን ከትኬቱ ሌላ ሦስት የፊልም ጥያቄ ትጠየቃለች፤ አንዱን ከሳተች «አንቺ ወንድ ፍለጋ ነው የመጣሽው» ተብላ ትመለሳለች። ሦስቱንም ከመለሰች አራተኛ ይመጣል። እህቴ በጓሮ በር እንደ ሠራተኛ ስለምትገባ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ሁለት ተማሪዎች እያለቀሱ ሲመለሱ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሰምታለች። ከፊት ስወጣ አስቀረዋለሁ ትለኝ ነበር።

ጋሼ አዲስ አዳራሽ ተከራየ፤ ባለ ሦስት መቶ ወንበር። መጋረጃ የለውም። ተርጓሚው መድረክ ላይ፣ መብራት ሥር ይቀመጣል።

«አሁንስ?» አለችው።

ጋሼ እንቢ ማለት አይወድም፣ እሺ ማለትም አይሆንለትም። «ማኅበሩ ውድድር ያዘጋጅ፤ ፊልም በደንብ የሚያውቀው ወንበሩን ይውሰድ። አንቺ ምን ያስፈራሻል?» አላት። የምትፈልገው ያንን ወንበር ነበር፤ በገዛ ድምፅዋ፣ በገዛ ፊቷ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሌላ ነገር ስትጠይቅ ሰምቻት አላውቅም።

አንድ የምትፈራው ጥያቄ ግን ነበር። ሰዎቹ «ባለበሩ» የሚሉት ፊልም አለ። የመርከቢቱ ጠጋኝ ሴት ከውጭ ሆና የተበላሸውን በር ስትጠግን ነው ታሪኩ። ከሰባት ዓመት በፊት ፊልሙ ሲታይ ዲስኩ ተጭሮ የመጨረሻው ዘጠኝ ደቂቃ ድምፅ አልባ የተቆራረጠ ሥዕል ሆነ። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። እህቴ ዝም ማለት ስላልቻለች ፈጠረች። ጠጋኟ ባልደረቦቿን ለማዳን በሩን ከውጭ እንድትዘጋው አደረገቻትና በራሷ ትንፋሽ፣ ቆም እያለች፣ «ለእናቴ ንገሯት… በሩን የዘጋሁት… እኔ ነኝ» አሰኘቻት። ቤቱ ተነሥቶ አጨበጨበ። ይህ ቃል በካናቴራ ላይ ታተመ፤ በሞተር ብስክሌት ላይ ተጻፈ። ከዓመታት በኋላ ሙሉው ቅጂ ሲገኝ እህቴ ብቻዋን አየችው። ጠጋኟ አንድም ቃል አትናገርም። በሩን ከፍታ ትገባና እጇን ትታጠባለች።

ከውድድሩ አንድ ቀን በፊት እኔ ዘንድ መጥታ «ያንን ቢጠይቁኝስ?» አለችኝ። «እነሱ የሚያውቁትን ልመልስ ወይስ የፊልሙን?»

የመለስኩላትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «የፊልሙን ነዋ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ጋሼ እዚያው አይደለም እንዴ? ይመሰክርልሻል።»

ግንቦት 25 ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አዲሱ አዳራሽ። እኔም ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ፤ ስለዚህ ይህን ያየሁት ነው። ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ ካፒቴንና እሷ። ለእሱ «የመርከቢቱ ቀለም ምንድን ነው?» ዓይነት ጥያቄ ነው የሚመጣው። እሷን የሦስተኛውን ሞተር ቁጥር ይጠይቋታል። ሁሉንም መለሰች። አሥር ለአሥር ደረሱ። ፕሮፌሰር ወረቀቱን አጠፈና ፈገግ አለ።

«የመጨረሻው ለሁለታችሁም አንድ ነው። ባለበሩ ላይ ጠጋኟ መጨረሻ ላይ ምን ትላለች?»

ካፒቴን ገና አፉን ሲከፍት አዳራሹ አብሮት ጮኸ፤ ሦስት መቶ ሰው ትንፋሹን እየቆራረጠ «ለእናቴ ንገሯት!» አለ። ተራዋ ደረሰ። ተነሥታ ቆመች።

«ምንም አትልም» አለች። «በሩን ከፍታ ትገባለች።»

ከአዳራሹ ሳቅ ተነሣ። «አልነገርኳችሁም? ፊልሙን አላየችውም!» አለ አንዱ። «አንቺም እቤት ግቢና እጅሽን ታጠቢ!» አለ ሌላው፤ ሳያውቀው ትክክለኛውን መጨረሻ ተናገረ።

«ዲስኩ ተጭሮ ነበር» አለች። «ያንን ቃል የፈጠርኩት እኔ ነኝ።»

«አንቺ?» አለ ፕሮፌሰር። «የካፒቴንን ቃል?»

«ካፒቴን ተናግሮ አያውቅም። ዘጠኝ ዓመት… ስናገር የነበርኩት… እኔ ነኝ።»

ረጅም ጊዜ ቆማ ስለነበር ትንፋሽ አጥሯት ነው እንዲህ የተናገረችው። አዳራሹ ግን በሳቅ ፈነዳ። ከኋላዬ የተቀመጠው ልጅ እንባውን እየጠረገ «ኧረ ጉድ፣ አተነፋፈሱን ሳይቀር ቀድታዋለች!» አለ።

ፕሮፌሰር ወደ ጋሼ ዞረ። «ጋሼ፣ ይህች ልጅ የምትለው እውነት ነው?»

ጋሼ ኮፍያ ያደረገውን ወንድሙን አየ፣ ሦስት መቶውን ወንበር አየ፣ እህቴን ግን አላየም። «መነጽር የቤታችን ልጅ ናት» አለ። «ፊልም ትወዳለች። ሰው የሚወደውን ነገር የራሱ ይመስለዋል። አትሳቁባት።»

ከስድቡ ሁሉ የጎዳት ይህ «አትሳቁባት» ይመስለኛል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ ይሄኛው ግን ጅቡን ጨዋ ሁን ብሎ መከረው። ተነሥቼ ልመሰክር ይገባኝ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ገብቼ ስለማላውቅ፣ በዓይኔ ያላየሁትን አልመሰክርም ብዬ ተቀመጥኩ። ጥንቃቄዬ የሠራው ይህን ነው።

ሰኞ ጋሼ ኮፒ ቤት መጣ፤ የሆነውን አብራት የምትሠራው ልጅ ነገረችኝ። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና «አትቀየሚኝ» አላት። «አዲሱ አዳራሽ መጋረጃ የለውም። አንቺ ንግግሩን ከነደቂቃው በደብተር ጻፊ፣ እሱ ያነበዋል።»

«ማንበብስ ይችላል?»

«ትልልቅ አድርገሽ ጻፊለት።»

እንቢ በይ አልኳት። እናታችንም ይህን ጊዜ አልሳቀችም፤ «ልጄ፣ ተዪው፣ ይብቃሽ» አለቻት። እህቴ ግን «ካልጻፍኩለት ታረቁ፣ ተጣሉ እያለ ፊልሞቹን ይገድላቸዋል» ብላ ጀመረች። ከዚያ በኋላ ፊቷ እያበጠ ሄደ። ሐኪም ጋ እንሂድ ስላት ደብተሩ ይለቅና አለችኝ።

ዓርብ ሰኔ 7 ቀን ጋሼ ደወለላት፤ ማተሚያ ቤቱ ወደ አዳራሹ መንገድ ላይ ስለሆነ አዳራሹ ላይ የሚሰቀለውን የማስታወቂያ ባነር አምጪልኝ ብሎ። በማግስቱ ንጋት ላይ እናታችን ልትቀሰቅሳት ስትገባ አልነቃችም። ያን ዓርብ የሆነውን ከአታሚውና ከአዳራሹ ዘበኛ ሰምቼ አገናኝቻለሁ።

ማተሚያ ቤት የደረሰችው ባነሩ ገና ኮምፒውተር ላይ እያለ ነው። የካፒቴን ባለ ኮፍያ ፎቶ አለ፤ ሥሩ «ስምንት ዓመት ያደመጣችሁት ድምፅ» ይላል። መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና እንደገና አነበበች።

«ይህ ስህተት ነው» አለች። «ዘጠኝ ዓመት ነው።»

«ስምንት ብለው ነው የላኩልኝ» አለ አታሚው።

«የጀመረው ጥቅምት 3 ነው። ዘጠኝ ዓመት ሞልቶ ስምንት ወር አልፎታል።»

«ዘመዱ ነሽ?»

«አብረን ነው የምንሠራው።»

አታሚው አስተካከለው። ታትሞ እስኪደርቅ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ጠቅልላ በትከሻዋ ተሸከመችው፤ የአዳራሹን ደረጃ ስትወጣ ሁለት ጊዜ አረፈች። ዘበኛው መሰላሉን ያዘላት። አራቱን ማዕዘን ራሷ አሠረች።

«በቀኝ በኩል ዝቅ ብሏል፣ የኔ እህት» አላት ዘበኛው።

ወርዳ ራቅ ብላ አየችው፤ እውነቱን ነው። እንደገና ወጥታ አጥብቃ አሠረችው። መሰላሉን ወደ ቦታው መለሰች፣ የተረፈውን ገመድ ለዘበኛው ሰጠችው፣ የርክክብ ወረቀቱ ላይ አሥር ሰዓት ከሃያ ብላ ፈርማ ወደ ቤቷ ሄደች።