የእንቁጣጣሹ በግና የአባቴ ለቅሶ

በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው የሞተበት እንደሆነ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ገና ወፍ ሲንጫጫ መጥቶ በሩን ያንኳኳል። ስለዚህ ወሎ፣ መርሳ ተወልዶ ያደገ ሰው በማለዳ በሩ ሲንኳኳ መጀመሪያ የሚያየው የሰዉን ብዛት ነው። አንድ ሰው ከሆነ ጨው ሊለምን ነው። ብዙ ሆነው ዝም ካሉ ግን መርዶ ነው።

ይህን እውቀት ይዤ ነው ኢስታንቡል የሄድኩት። ሲሪንቃ የማሽላ ሙከራ እርሻ ላይ ረዳት ሆኜ ስሠራ ቆይቼ የነጻ ትምህርት ዕድል ደረሰኝ። ዩኒቨርሲቲው ከመስፋቱ የተነሣ ግቢው ውስጥ አውቶቡስ ነበረው። ከግራና ከተማ እስከ መርሳ በእግሬ ስመላለስ የኖርኩ ሰው፣ ከማደሪያዬ እስከ መማሪያ ክፍሉ ለመድረስ አውቶቡስ ስጠብቅ ያሳፍረኝ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት የዘር ማሻሻያ ትምህርት ነው ብዬ ገብቼ ስለ ጥርስ ሕክምና ስማር አረፈድኩ። ያውም ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ራሴን እየነቀነቅሁ።

አባቴ በግ ነጋዴ ነው። ከደጋ የሚወርደውን በግ ገዝቶ መርሳ ገበያ ይሸጣል። ጎረቤታችን ደግሞ መካኒክ ነው። ሁለቱ ሳይጨቃጨቁ የዋሉበትን ቀን አላስታውስም። ረመዳን ሲገባ መካኒኩ ወንበሩን አውጥቶ በራችን ፊት ለፊት ሻዩን ፉት ይላል። ፍልሰታ ሲሆን አባቴ በተራው ጥብሱ እስኪሸት ጠብቆ በሩን ወለል አድርጎ ይከፍታል። ጦርነቱ ወደ ወልድያ ሲቃረብ አብዛኛው ሰው ወደ ደሴ ሸሸ። ሁለቱ ግን አንወጣም አሉ። አባቴን በስልክ ለምኜው ለምኜው፣ «መካኒኩን ለማን ጥዬ?» አለኝ። መካኒኩም ለልጁ በዚያው ሰሞን «የሷን አባት ለማን ጥዬ?» ብሎታል። ብዙም ሳይቆይ የአካባቢው ስልክ ጭራሽ ተቋረጠ።

የመካኒኩ ልጅ እዚያው እኔ የምማርበት ዩኒቨርሲቲ ኢንጂነሪንግ ይማር ነበር። ቀልደኛ ነው፣ አፉ አያርፍም። በዚያ ሰሞን ግን በየቀኑ እየደወለ «ሰማሽ ወይ?» ብቻ ነበር የሚለኝ። «አልሰማሁም፣ አንተስ?» እለዋለሁ። እሱም አልሰማም። አባቶቻችን ይኑሩ አይኑሩ ሳናውቅ እንቁጣጣሽ ደረሰ።

የዋዜማው ዕለት ማለዳ የማደሪያዬ በር ተንኳኳ። ስከፍት የአገሬ ልጆች ኮሪደሩን ሞልተውታል። ጃኬታቸው ሁሉ ጥቁር ነው። አንዷ የማለዳውን ብርድ ፈርታ ነጠላዋን ተከናንባለች። መካከላቸው የመካኒኩ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። እሱ አንገቱን ሲደፋ አይቼው አላውቅም።

«እንዴት አደርሽ፣ ይኸውልሽ… እንዴት ብለን እንደምንነግርሽ ጨንቆን…» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። «አባቴን!» ብዬ ወለሉ ላይ ተዘረርኩ።

እነሱ ደግሞ እኔን ሲያዩ ሌሊቱን መርዶ ደርሶኝ ያደርኩ መሰላቸው። ባለነጠላዋ ደረቷን ትመታ ጀመር። የመካኒኩ ልጅማ አይነሣ። የእኔ ወገን በዱአ ነው ሰው የሚሸኘው፣ የእሱ ወገን ግን ሙሾ ያውቃል፣ አውጥቶም ቁጭ አለ።

«በግን በጀርባው ላይ ዳብሶ የሚለየው፣
ዛሬስ ገበያው ላይ ምነው የማላየው!»

እሱ ባለ ቁጥር እኔ ይብስብኛል፣ እኔ ሲብስብኝ እሱ ይጨምራል። ኀዘንተኛን ደግሞ እንዴት ሞተ፣ ማን ነገረሽ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ስለዚህ ማንም ማንንም አልጠየቀም። አብራኝ የምታድረው ቱርካዊት ጓደኛዬ ነገሩ ሲገባት እያለቀሰች ሄዳ ከዱቄትና ከስኳር ለሟች የሚሠሩትን ሐልዋ ሠርታ መጣች። የማደሪያው ኃላፊ፣ እኔን ካየች ቁጥር ጫማሽን በር ላይ አውልቂ እያለች የምትቆጣዋ ሴትዮ፣ አቅፋ ጉንጬን ሳመችኝና የቋንቋ ፈተናዬን እንደምታስተላልፍልኝ ነገረችኝ። በዚያ ሁሉ ኀዘን መካከል ፈተናው መተላለፉ ደስ እንዳለኝ አልክድም።

ፀሐይዋ ወጥታ ሞቅ ሲል አንድ ሰውዬ ቁልፍ እያሽከረከረ ኮሪደሩ ላይ ብቅ አለ። የሚኒባስ ሾፌር ነው። ቆጣ ብሎ በቱርክኛ አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን ይላል?» አለችኝ ባለነጠላዋ እንባዋን እየጠረገች። ከሁሉም ይልቅ ቱርክኛ የምችለው እኔ ነበርኩ።

«የበግ ገበያው ሊበተን ነው፣ ትሄዳላችሁ ወይስ አትሄዱም ነው የሚለው። ምን በግ ነው?»

እርስ በርስ ተያዩ።

«የእንቁጣጣሽ በግ ነዋ» አለ የመካኒኩ ልጅ ቀስ ብሎ። «አንቺ በግ ታውቂያለሽ፣ መርጠሽ ታስገዢናለሽ ብለን ነበር የመጣነው። በዚህ ጊዜ በዓል እናክብር ማለት ከበደንና… ለመሆኑ አባትሽን ማን አረዳሽ?»

«እናንተ ናችኋ!»

«እኛ? እኛማ ምን ቆርጦን!»

ያገኘሁትን ጫማ ሁሉ ወረወርኩባቸው። «ልክ ሬሳ እንደሚከተል ሰው ተሰልፋችሁ፣ ለበግ ነው ይህ ሁሉ!» እያልኩ ስሳደብ፣ ሳላስበው ሳቅ አመለጠኝ። ከዚያ ሁላችንም ወለሉ ላይ ተንከባለልን። ቱርካዊቷ ጓደኛዬ ኀዘን ያሳበደን መስሏት ውሃ ልታመጣ ሮጠች። እሷንም ኃላፊዋንም አባቴ አልሞተም የምልበት አፍ አጣሁ። ደግሞስ አለመሞቱን በምን አውቃለሁ? ሐልዋውን በላን። እኔም ዓይኔ እንዳበጠ ገበያ ወርጄ፣ የቱርክ በግ ጥርስ ገልጬ፣ ጀርባ ዳብሼ፣ ጥሩ በግ አስገዛኋቸው።

ከዚያ ቀን በኋላ የመካኒኩ ልጅ ሥራ አገኘ። ባገኘኝ ቁጥር በሩን ያንኳኳ ይመስል ጠረጴዛ መታ መታ አድርጎ፣ ፊቱን አጥቁሮ፣ «እንዴት ብለን እንደምንነግርሽ…» ይላል። ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ግን ላልሞተ ሰው አልቅሼ ሟርት የጠራሁበት ይመስለኝ ነበር።

አገሩ ነጻ ወጥቶ ስልክ የተከፈተ ዕለት አባቴ ራሱ ደወለ።

«አሰላሙ አለይኩም! ደህና ነሽ ወይ የኔ ልጅ? ጤናሽስ? ዱንያው እንዴት ነው? ትምህርትሽስ? እነዚያ ቱርኮች ደህና ናቸው ወይ?»

«አባ! አንቱ ደህና ኖት?» አልኩና እንባዬ ቀደመኝ።

«አልሀምዱሊላህ። አብሽሪ፣ አብሽሪ፣ አለሁልሽ። በጉ አልቋል እንጂ ባለቤቱ አለ።»

እንደተለቀሰለት ስነግረው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ እንደ ደንበኛ ነጋዴ ሂሳብ ያዘ።

«ሰዉ በዛ ወይ?»

«በዛ።»

«ቱርኮቹም መጡ?»

«መጡ፣ ሐልዋ ሠሩ።»

«በጉንስ ጥርሱን አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ አባ።»

«ጎሽ። አብልጦ ያለቀሰልኝ ማነው?»

«የመካኒኩ ልጅ ነዋ። ሙሾ ሁሉ አወጣልዎት» ብዬ ሙሾውን አልኩለት።

ሳቁን ጠበቅሁ፣ አልመጣም። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ «አባ?» አልኩ።

«አጠገብሽ ነው ያ ልጅ?»

«የለም።»

«አባቱ ሄደ፣ ወንድሜ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የስኳር በሽታው ተነሣበትና መድኃኒቱ ጠፋ። ያላንኳኳሁት በር የለም፣ ወላሂ። ቄሱም ሼኹም፣ የቀረነው ሁላችን ተጋግዘን ቀበርነው። በይ ስሚኝ፣ በስልክ እንዳትነግሪው። ሰው ሰብስቢና በማለዳ ሂጂ። ለኔ አልቅሷልና እንደ ወጉ አድርጊለት።»

ያን ዕለት ከሰዓት የመካኒኩ ልጅ ደወለልኝ። የአባቱ ስልክ አልነሣ እንዳለው ነገረኝና፣ አባቴ ከደወለ ከአባቱ ጋር እንዲያገናኘው እንድነግርለት ለመነኝ። መስመሩ ገና አልተስተካከለም አልኩት።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋ እነዚያኑ ልጆች ይዤ ሄድኩ። ባለነጠላዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። እኔ ዳቦ ይዣለሁ። በመንገድ ላይ ማን እንደሚናገር ስንከራከር ቆይተን ለእኔ ወደቀ። አንኳኳሁ።

ፀጉሩ እንደተንጨባረረ ከፈተ። አንድ በአንድ ተመለከተን፣ ጥቁሩን ጃኬት፣ ነጠላውን፣ ዳቦውን፣ በመጨረሻም የኔን ፊት። ከዚያ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና «በጉን የት አሰራችሁት?» ብሎ በሳቅ ፈነዳ።

ሳቁን እስኪጨርስ ቆመን ጠበቅነው።